ጳጉሜን የዋጠው ገጽ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እትዬ መሰለች፣ እረፍት እንዴት ነው?» ይለኛል። እረፍቱማ ጥሩ ነበር፣ ስልኬ ዝም ቢልልኝ። ዛሬ ጠዋት እንኳ ለቁርስ የቦዬ ሥር ልጬ ሳልጥድ ጮኸ። ሳነሳው አንድ የማላውቀው ወጣት ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «አይከፍትም» አለኝ። ምኑ? «ገጹ።» በምን ከፈትከው? «በኮምፒውተር።» ምን ይላል? «ምንም አይልም፣ ዝም ብሎ አይከፍትም።» ቁጥሬን ማን እንደሰጠው ብጠይቀው የድሮ መሥሪያ ቤቴን ጠራልኝ። ጡረታ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስልክ ቁጥሬ አሁንም ሥራ ላይ ነው።

የሥራ ዘመኔን በአንድ ቃል ተናገሪ ብባል ያችው «አይከፍትም» ትበቃኛለች። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ያመኛል» ብሎ ዝም የሚል በሽተኛ የለም፤ ቢያንስ ሆዱን ይዞ ይገባል። ወደ እኔ የሚመጣው ግን የቱ ጋ እንደሚያመው አይናገርም፣ ምን እንደበላም አይናገርም፤ ሳይናገር ደግሞ ቶሎ እንድፈውሰው ይፈልጋል።

ሥራ የጀመርኩት በታይፕ ነው። መንግሥት ተለውጦ ክልልና ዞን የሚባለው ገና ሲደራጅ ሶዶ ውስጥ አንድ ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲመጣ ዳንቴል ለብሶ ኃላፊው ክፍል ተቀመጠ፤ አቧራ እንዳይነካው ተብሎ ሰውም እንዳይነካው ተደረገ። ኋላ ላይ አንድ ሰው ይሠልጥን ሲባል፣ ጣቷ ፊደል ስለለመደ መሰለች ትሂድ ተባለ። በዚህ ምክንያት ባለሙያ ሆንኩ። ደሞዙ የታይፒስት ደሞዝ ሆኖ ብዙ ቆየ፤ ይህን አንስቼ ቆሽቴን አላሳርርም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ግን ሥልጠናው ሳይሆን ጋሽ ብርሃኑ ናቸው። በደርግ ጊዜ ራዲዮና ስልክ ይጠግኑ የነበሩ፣ ረጅም፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። አንድ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ሲመጣ ወንበሩን ለራሱ ለባለጉዳዩ ይስቡለትና እሳቸው ከኋላ ይቆማሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ። «እንዳደረግኸው አድርግ» ይሉታል። እኔ ቸኩዬ እጄን ወደ ኪቦርዱ ስሰድ፣ «እጅሽን ወደ ኋላ! ሰው አደረግሁ ብሎ የሚነግርሽ ሊያደርግ ያሰበውን ነው። ያደረገውን የምታዪው ሲያደርግ ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር።

ኢንተርኔት መጥቶ ሥራው ሁሉ በገጽ በኩል መሆን ሲጀምር ሌላ ልማድ ጨመሩ። ያን ጊዜ ገጽ የሚከፈትባቸው ብሮውዘሮች በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብራ የመጣችው «ሰማያዊዋ»፣ ኋላ የጫንናት ደግሞ «ባለ ቀለሟ» ነበሩ። አንዱ ገጽ በአንዷ ደህና ይሆንና በሌላዋ ጉድ ያፈላል። ጋሽ ብርሃኑ ሁለቱንም ጎን ለጎን ከፍተው፣ ያንኑ ጽሑፍ በሁለቱም ይጽፋሉ፣ ያንኑ ይጫናሉ። ከዚያ «ተመዝግቧል» የሚለውን አያምኑም። ወጥተው፣ ተመልሰው ገብተው፣ የተመዘገበውን ቃል በቃል ያነባሉ። ሰው ሁሉ እምቢ የምትለዋን ብሮውዘር ሲረግም እሳቸው ይስቁ ነበር። «የሚጮኽ ውሻ አይናከስም። እኔ የምፈራው የሰጡትን ሁሉ የሚውጠውን ነው» ይሉኛል። ሥራ ሲጨርሱም «ሠራሁት» ብለው አያውቁም፤ «ለዛሬ ተከፍቷል» ብለው ይወጣሉ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ ሁምቦ ወረዳ፣ ተበላ ከተማ ተመደብኩ። ሙቀቱ ለእኔም ለማሽኑም አይመችም። እዚያ የነበረችው ጸሐፊ አስቴር አንድ ሪፖርት በየሳምንቱ በገጽ ትልካለች። ብመለከት ሰማያዊዋ ላይ የመሥሪያ ቤቱ አርማ ተለጥጦ «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ከድኖታል። ታዲያ እንዴት ነው የምትልከው? አስቴር ሳትጨነቅ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚያሻግረውን የኪቦርድ ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች፣ በሆዷ ትቆጥራለች፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ትመታለች፤ ሄደ። የማይታየውን ቁልፍ በቁጥር ታገኘዋለች! አርማውን አሳንሼ ቁልፉን ወደ ላይ አውጥቼ ገለጥኩላት። በማግስቱ ደውላ፣ «እትዬ መሰለች፣ ምን አደረግሽብኝ? ቁጥሬ ጠፋብኝ፣ ወደ ድሮው መልሺልኝ» አለችኝ። ምን ትላላችሁ? መለስኩላት።

የሻንቶ ከተማው ይብሳል። እዚያ አንድ ኃላፊ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጦታል፤ ዓመቱንም፣ ሰዓቱንም። ጥብቅ የሆኑ ገጾች ፈቃድ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ፈቃዱ የሚጀምርበት ቀን አለው። ማሽኑ ግን በእኛ ዓመት ወደ ኋላ ስለሚኖር «ይህ ፈቃድ ገና አልተጀመረም» ይላል። ባለ ቀለሟ በሩን ትዘጋለች፣ ሰማያዊዋ አስጠንቅቃ ታስገባለች። ለሰውየው አስረዳሁ። «ወይዘሮ መሰለች፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ነን። ለምን የፈረንጅ ቀን እንቆጥራለን?» አሉኝ። ቀኑን አስተካክዬ ሄድኩ። እንደገና ተጠርቼ ስመለስ እንደገና ለውጠውታል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። በሦስተኛው ጥሪ ከማሽኑ አጠገብ የእኛን ቀን የያዘ የግድግዳ ካላንደር ሰቅዬላቸው መጣሁ፤ ይኼ ሠራ።

እነዚህ ግን የሚሳቅባቸው ናቸው። የማይሳቅበት ወደ ሶዶ ተመልሼ በዞን ደረጃ ስሠራ የደረሰው ነው።

የመምህራን ዝውውር በገጽ ይሁን ተባለ። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ድርጅት ሠርቶ ላከው። በየወረዳው ያለ ሠራተኛ የመምህሩን ስምና የተቀጠረበትን ቀን ያስገባል፤ ነጥቡን ገጹ ራሱ ያሰላል። የሚያሰላው የተቀጠሩበትን ዓመተ ምሕረት ከያዝነው ዓመተ ምሕረት ቀንሶ ነው፤ ቀንና ወሩን የሚጠይቀው ለጌጥ ነው ማለት ይቻላል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚጻፍባቸው ሦስት ባዶ ሳጥኖች ነበሩት።

ምዝገባው እንደተጀመረ ስልኩ ጮኸ። «ባለ ቀለሟ እምቢ አለች፣ ቀኑ ትክክል አይደለም ትላለች።» ምን ቀን ጻፋችሁ? «ትክክለኛውን ቀን ነዋ!» ንገሩኝ ስል «መቼም ቀን ቀን ነው» ብለው ይዘጉታል። ሌላው «እኛ ጋ ትሠራለች» ይላል። ኃላፊያችን አቶ ዘለቀ መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ ግምገማ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ቅሬታ በዛ ሲባሉ ለሁሉም ወረዳ «ምዝገባ በሰማያዊዋ ብቻ ይካሄድ» ብለው ትእዛዝ አወጡ።

«አቶ ዘለቀ፣ እምቢ ያለችው እኮ አንድ ነገር እየነገረችን ነው። ምን እንደሆነ ልይና» አልኳቸው።

«ወይዘሮ መሰለች፣ አንቺ ቀላሉን ነገር ታከብጂዋለሽ። ሰማያዊዋ ትቀበላለች አይደል?»

«ትቀበላለች። የምፈራው እሱን ነው።»

«መቀበሏን ፈርተሽ ሥራ ይቁም?» ብለው ሳቁ። ስልኩ ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል ደግሞ ችግሩ ተፈታ ተብሎ በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ በምርጥ ተሞክሮነት ቀረበ። እኔም ለሌላ ሥራ ወደ ወረዳ ተላክሁ፤ ምዝገባው ተዘጋ።

የዝውውሩ ስም ዝርዝር ከተለጠፈ በኋላ ታደለች ወደ ቢሮዬ ገባች። ከቢጠና ከተማ ወዲያ ባለ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ባሏ የሞተባት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ የቃለ ሕይወት ልጅ ነች። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ሩት ትባላለች፤ ጆሮዋ አይሰማም። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ሶዶ ስለሆነ ልጅቱ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። እናትየው አርብ ሥራ ስትጨርስ በሚኒባስ ትመጣለች፣ እሁድ ትመለሳለች። አክስቷ ቤት በእጅ የሚያናግራት የለም።

«እትዬ መሰለች፣ ኮምፒውተሩ አጥፍቷል» አለችኝ። «እኔና ጓደኛዬ በአንድ ቀን ነው የተቀጠርነው። ነጥባችን እኩል ነው። እሷ ወደ ሶዶ ገባች፤ እኔ በአንድ ዓመት አነስሽ ተባልኩ። ያ ዓመት የት ሄደ? ጦሳ፣ እግዜር ያውቃል፣ አንድ ቀን እንኳ ቀርቼ አላውቅም።»

መቼ ነው የተቀጠራችሁት? «ጳጉሜ ሦስት።»

ወንበር ሳብኩላት። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በሁለቱም እንድትጽፍ አደረግኋት። ባለ ቀለሟ «ቀኑ ትክክል አይደለም» አለች። ሰማያዊዋ «ተመዝግቧል» አለች። ወጥተን ገብተን ስናነበው ጳጉሜ ሦስት የለም። መስከረም ሦስት ሆኗል፤ ዓመተ ምሕረቱም በአንድ ከፍ ብሏል።

ገጹን የሠሩት ልጆች ወር አሥራ ሁለት ብቻ ከሚያውቅ ከፈረንጅ ሥራ ነው የቀዱት። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣባት ባለ ቀለሟ እንዲህ ያለ ወር የለም ብላ ቆመች። ሰማያዊዋ ደግሞ ከአሥራ ሁለት የተረፈውን ወር ወደሚቀጥለው ዓመት አሻገረችው። ቀኑ የተገፋው በጥቂቱ ስለሆነ ያየው ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። ነጥቡ የሚቆጠረው ግን በዓመት ነው። መምህራን የሚቀጠሩት ትምህርት ሊጀመር ሲል ስለሆነ ጳጉሜ የተቀጠረው መምህር ደግሞ ብዙ ነው።

ጓደኛዋስ? እሷ ያለችበት ወረዳ ያለው ሠራተኛ ትእዛዙን አልሰማም። ባለ ቀለሟ እምቢ ስትለው ምንም ሳይጨነቅ «ነሐሴ ሠላሳ» ብሎ ጻፈ። የዋሸው ጓደኛዋን አዛወራት፤ እውነቱን የጻፈው የታደለችን ዓመት በላ።

አቶ ዘለቀን እጃቸውን ይዤ ከማሽኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። ራሳቸው ጻፉ፣ ራሳቸው አነበቡ። ገባቸው፤ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ግን ሰው ነገር ሲገባው ሁልጊዜ ጥሩ ነገር አያደርግም።

«አምስት ስድስት ቀን ምን ልዩነት አለው?» አሉኝ።

«ቀኑ አይደለም፣ ዓመቱ ነው አቶ ዘለቀ!»

«ዝርዝሩ ጸድቋል፣ ማኅተም ተደርጎበታል። አሁን ብነካው የተዛወረው ሁሉ ይነሳብኛል። ለከርሞ እናስተካክላለን።»

ታደለች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም። «ለሩት ከርሞን በእጅ እንዴት ነው የምነግራት?» ብላኝ ወጣች። እስከ ዛሬ ስንቱን ማሽን ከፍቻለሁ፣ ያን ቀን ግን የአንዲት ሴት ፊት ሲዘጋ ቆሜ አየሁ። ጉዳዩን በምዝገባው ጊዜ ብደርስበት ኖሮ አንድ ወንበርና ሁለት ብሮውዘር ይበቃው ነበር።

አዲስ አበባ ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ጨዋ ነው፣ ጎበዝም ነው። «አይ እትዬ! ጳጉሜ እኮ ነው! እኔ ራሴ የተወለድኩት በጳጉሜ ነው፣ እንዴት ረሳሁት?» ብሎ ራሱን ወቀሰ። ወዲያው አስተካክላለሁ አለ። አስተካከለም። በሚቀጥለው ዓመት ገጹ ሲከፈት ባዶው ሳጥን ጠፍቶ በምትኩ ወሮቹ በስማቸው ተደርድረዋል፦ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር... ወደ ታች ወረድኩ። ነሐሴ ላይ አለቀ። በሁለቱም ብሮውዘር እኩል አለቀ። እንደገና ደወልኩ። ልጁ ድርጅቱን ለቋል፤ የተካው ደግሞ «እትዬ፣ አሁን እኮ በሁለቱም ስህተት አያሳይም» አለኝ። አበስኩ ገበርኩ!

ምዝገባው ሳይዘጋ ታደለች መጣች። የወሮቹን ዝርዝር ወደ ላይም ወደ ታችም አየችው።

«የእኔ ወር የታለ?»

«የለም» አልኳት። «ነሐሴ ሠላሳ ብለሽ ምረጪ። መስከረምን ከነካሽ ዓመትሽ ይሄዳል።»

«ያን ቀን እኮ ገና አልተቀጠርኩም፣ እናቴ ቤት በቆሎ እየፈለፈልኩ ነበር። ፈርሜ ልዋሽ?»

«አንቺ አይደለሽም የምትዋሺው፤ ገጹ ነው ያዋሸሽ!» ብዬ ጮህኩባት። በእሷ ላይ መጮኼ አሁንም ያናድደኛል፤ መጮህ የነበረብኝ ሌላ ሰው ላይ ነበር። ዓይኗን ጨፈነች፣ ጸለየች መሰለኝ። ከዚያ ነሐሴን ነካች። ነጥቧ ሞላ፣ ሶዶ ተመደበች።

አበቃ ብላችሁ ነው? አላበቃም። ሶዶ ያለው የሰው ኃይል ክፍል የመጀመሪያውን የቅጥር ደብዳቤ ከማህደሯ አውጥቶ ከገጹ ጋር አመሳከረ። አይመሳሰልም። ታደለች ቀን አጭበርብራለች ተብላ ዝውውሯ ታገደ፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ያችኛዋ ጓደኛዋ ከዓመት በፊት በዚያው «ነሐሴ ሠላሳ» ተመዝግባ ገብታ እያስተማረች ነው፤ የእሷን ማንም አላመሳከረም።

ለምስክርነት ሄድኩ። ኮምፒውተር ይዤ ሄድኩ። ሩት ያን ቀን ትምህርት ስላልነበራት ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ኮሚቴው ፊት ገጹን ከፈትኩና ሰብሳቢውን «እባክዎ ጳጉሜን ይምረጡልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረዱ። ወጡ። እንደገና ወረዱ። አጠገባቸው ያለው አባል ሳቀ። ሌላው፣ «እንግዲህ በጳጉሜ ደሞዝም የለም፣ ወሩም ይቅር ብለው ይሆናል» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ታደለችም አልሳቀችም።

ሰብሳቢው ግን ቅን ሰው ነበሩ። «ጥፋት የላትም» አሉ። ልቤ ተመለሰ። ቀጠሉ፦ «ነገር ግን ሁለት የተለያየ ቀን ይዘን መቀመጥ አንችልም። ገጹን ማስተካከል የእኛ ሥልጣን አይደለም። ማህደሩን ማስተካከል ግን ሥልጣናችን ነው።»

እንዲህ ተብሎ ተወሰነ። የታደለች የቅጥር ቀን ከዚያን ዕለት ጀምሮ በማህደሯም ነሐሴ ሠላሳ ሆነ፤ የዝውውሯ እገዳም ተነሳ። ገጹ ከእውነቱ ጋር አልስማማ ስላለ እውነቱን ከገጹ ጋር አስማሙት። ልከራከር አፌን ስከፍት ታደለች ክንዴን ያዘችኝ። «እትዬ፣ ተይው» አለችኝ በቀስታ። «እሱን ጌታ ያውቃል። እኔ ልጄን እፈልጋለሁ።» አፌን ዘጋሁ። የአስቴርን ቁልፍ ካልቆጠርኩ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ብልሽት አውቄ ሳላስተካክል የተውኩት ያን ብቻ ነው።

ስንወጣ ሩት ከደረጃው ተነሳች። የእናቷን ፊት አየች፣ ከዚያ በእጆቿ አንድ ነገር ጠየቀች። ታደለች መለሰችላት። ልጅቱ ያንኑ እንደገና ጠየቀች።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ነገ ትሄጃለሽ ወይ ነው የምትለኝ። አልሄድም አልኳት።»

ሩት አላመነችም። ወደ እኔ ዞራ ያንኑ በእጇ ጠየቀችኝ። እኔ የእጅ ቋንቋ አላውቅም። እናቷን በጣቴ አሳየኋት፣ ከዚያ የቆምንበትን መሬት በእግሬ መታሁት። ትንሽ አየችኝ። ቀረብ ብላ የእናቷን እጅ ይዛ፣ እሷም መሬቱን በእግሯ መታችው።